የጳጉሜን 6 ልደት፦ ክላስና ኦብጀክት ለጀማሪዎች

ባለፈው ዓመት አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪያችን ሁለት ወረቀቶች ይዛ ወደ ቢሯችን መጣች። በአንደኛው፣ በልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ፣ የተወለደችው ጳጉሜን 6 ቀን 1995 ዓ.ም. ይላል። በሁለተኛው፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ታትሞ በተሰጣት ማስረጃ ላይ ግን መስከረም 1 ቀን 1995 ዓ.ም. ተብሎ ሰፍሯል። ምክንያቱን ብትጠይቅ የተሰጣት መልስ አጭር ነበር፤ ኮምፒዩተሩ የሚያቀርበው የወሮች ዝርዝር ከመስከረም ይጀምርና ነሐሴ ላይ ያበቃል፤ ጳጉሜን የለችበትም። መዝጋቢው «ያው በማግሥቱ መስከረም 1 አይደል?» ብሎ ሞላላት። ዓመቱን ግን አልነካውም። ስለዚህ ልጅቷ በአንድ ጊዜ በ365 ቀናት አረጀች። ሁለቱ ቀኖች ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲመለሱ አንደኛው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2003፣ ሌላው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2002 ይሆናል፤ ዕለቱና ወሩ አንድ፣ ዓመቱ ብቻ ሌላ። ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ለሚያመለክት ሰው እንዲህ ያለው ልዩነት አደገኛ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ወረቀቱን የሚመረምር ሰው ዕድሜዋን ሆን ብላ እንደ ለወጠች ሊቆጥርባት ይችላል።

መዝጋቢውን ለመውቀስ አንደፍርም፤ እኛም ከዚያ የከፋ ሠርተናልና። ትምህርታችንን በውጭ አገር ጨርሰን በተመለስንበት ሰሞን በእጅ የተጻፈ የዝናብ መጠን መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት አንድ ፕሮግራም ጽፈን ነበር። መዝገቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ልናነጻጽረው የፈለግነው የሙቀት መረጃ ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር። እኛም «ዓመቱ ላይ 8 ደምር» ብለን ተገላገልን። ነገር ግን ከመስከረም 1 አንሥቶ አውሮፓውያን ዓመታቸውን እስኪለውጡ ድረስ ልዩነቱ 7 እንጂ 8 አይደለም። በዚህም የተነሣ በየዓመቱ የአራት ወር ያህል ዝናብ አንድ ዓመት ዘግይቶ ዘነበ። ስሕተቱን ስናውቅ ማረሙ ቀላል መስሎን ነበር፤ ይሁንና «8 ደምር» የምትለው መስመር በፕሮግራሙ ውስጥ በ14 ቦታ ተበትና ተገኘች። 13ቱን አረምን። አሥራ አራተኛዋን ያገኘናት ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

የሁለቱም ስሕተቶች ምንጭ አንድ ነው፤ ኮምፒዩተሩ «ቀን» የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። የሚያውቀው ሦስት ሙሉ ቁጥሮችን ብቻ ነው፦ 6፣ 13፣ 1995። ያ 13 የወር ተራ ይሁን የሎሚ ዋጋ ለርሱ ልዩነት የለውም። ጳጉሜን የምትባል ወር መኖሯን፣ አብዛኛውን ጊዜ 5፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን መሆኗን የሚያውቀው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው፤ ያም ሰው ዕውቀቱን ባስታወሰበት ቦታ ጽፎታል፣ በዘነጋበት ቦታ ዘልሎታል። ክላስና ኦብጀክት የተባሉት ጽንሰ ሐሳቦች የመጡት እንዲህ ያለው የተበተነ ዕውቀት ከሚመለከተው መረጃ ጋር በአንድ ቤት እንዲኖር ለማድረግ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ በአንድ ምሳሌ፣ በቀን ምሳሌ፣ ለማስረዳት እንሞክራለን።

አስቀድመን ስለ አመጣጡ ጥቂት እንበል። ሐሳቡ የተወለደው በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ በኖርዌይ የኮምፒዩተር ማዕከል ውስጥ ነው። ኦሌ-ዮሐን ዳልና ክሪስተን ኒጎር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ወረፋ የሚጠብቁ ደንበኞችን፣ የሚመጡና የሚሄዱ ተሽከርካሪዎችን የመሰሉ ሥርዓቶችን በኮምፒዩተር አስመስሎ ለመሥራት ሲሞክሩ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን መረጃና የራሱን ጠባይ ይዞ ራሱን እንደ ቻለ ነገር ቢቆም እንደሚሻል ተረዱ። ከዚህ ሲሙላ 67 የተባለው ቋንቋ ወጣ። ቢያርነ ስትሩስትሩፕ እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረውና በኋላ ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለው ቋንቋ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ጃቫ፣ ዛሬ ተማሪዎቻችን በብዛት የሚጽፉበት ፓይተንም ክላስን የወረሱት ከዚሁ ሐረግ ነው። ሁለቱ ኖርዌያውያን በሙያው ከፍተኛ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ያገኙት እ.ኤ.አ. የ2001ን ሲሆን ሁለቱም በተከታዩ ዓመት፣ በ2002፣ ዐረፉ። የፊዚክስ ሰዎች በመሆናችን በዚህ ታሪክ ትንሽ እንኮራለን፤ መነሻው ዓለምን አስመስሎ የመሥራት ፍላጎት ነውና።

ወደ ትርጉሙ እንመለስ። ክላስን በአማርኛ «መደብ»፣ ኦብጀክትን «አካል» ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ተማሪው በክፍል ውስጥ የሚሰማው ክላስና ኦብጀክት ስለሆነ በእነዚሁ እንቀጥላለን። ክላስ ማለት የአንድ ዓይነት ነገሮች ሁሉ ምን መረጃ እንደሚይዙና ምን ማድረግ እንደሚችሉ አንድ ጊዜ የሚጻፍ መግለጫ ነው። ኦብጀክት ደግሞ በዚያ መግለጫ መሠረት በኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ የተፈጠረ አንድ የተለየ ነገር ነው። በርካታ የመማሪያ መጻሕፍት «ክላስ የቤት ፕላን፣ ኦብጀክት የተሠራው ቤት ነው» ይላሉ። ምሳሌው ከአንድ ፕላን ብዙ ቤት መሥራት እንደሚቻል ያሳያል፤ የነገሩን ግማሽ ግን ይሰውራል። ቤት ሲጠይቁት አይመልስም፤ ኦብጀክት ይመልሳል።

የኢትዮጵያን ቀን የሚገልጽ ክላስ ምን ይመስላል? ከዚህ በታች ያለው የማንኛውም ቋንቋ ትክክለኛ አጻጻፍ አይደለም፤ አንባቢው ወደሚያውቀው ቋንቋ መልሶ ሊጽፈው ይችላል።

ክላስ የኢትዮጵያ_ቀን፦
— የሚይዘው፦ ዓመት፣ ወር፣ ዕለት
— ሲፈጠር፦ ወር ከ1 ያነሰ ወይም ከ13 የበለጠ ከሆነ፣ እምቢ በል፤ ዕለት ከ1 ያነሰ ወይም ከየወሩ_ርዝመት የበለጠ ከሆነ፣ እምቢ በል፤ አለበለዚያ ተቀበል
— የወሩ_ርዝመት፦ ወር ከ13 ካነሰ 30፤ ወር 13 ሆኖ ዓመት ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ 6፤ አለበለዚያ 5
— የቀን_ቁጥር፦ 1723856 + 365 × ዓመት + (ዓመት ÷ 4) + 30 × (ወር − 1) + ዕለት − 1

የመጀመሪያው መስመር ኦብጀክቱ የሚይዛቸውን መረጃዎች ይዘረዝራል። የቀሩት ሦስቱ የሚያደርጋቸው ነገሮች ሲሆኑ ሜተድ ይባላሉ። ከእነዚህ ውስጥ «ሲፈጠር» ያልነው ኮንስትራክተር የተባለው ልዩ ሜተድ ነው፤ አዲስ ኦብጀክት በተጠየቀ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ የሚገባውን ይመረምራል። ጳጉሜን 6 ቀን 1995 ብንለው ይቀበላል፤ 1995 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋልና። ጳጉሜን 6 ቀን 1996 ብንለው ግን እምቢ ይላል። አያቶቻችን «ዘመነ ሉቃስ» በማለት የሚለዩት ዓመት ይኸው 3 የሚተርፍበት ዓመት ነው፤ ሕጉ አዲስ አይደለም፣ አዲሱ ነገር የተቀመጠበት ቦታ ነው። በእኛ የዝናብ ፕሮግራም ውስጥ በ14 ቦታ የተበተነው ዕውቀት እዚህ አንድ ቦታ ብቻ አለ። ቢሳሳት የሚታረመውም አንድ ቦታ ነው።

የመጨረሻው ሜተድ ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ዓመትና ወር ሳይሉ ቀኖችን በተርታ ይቆጥራሉ። የጁልያን የቀን ቁጥር የሚባለው ይህ ቆጠራ የሚጀምረው በጁልያን አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4713 ጃንዩወሪ 1 ቀን ነው። 1723856 የኛን ዘመን ከዚያ ቆጠራ ጋር የሚያገናኝ ቁጥር ነው። «ዓመት ÷ 4» ሲባል ቀሪው ተጥሎ ድርሻው ብቻ ይወሰዳል፤ እስከዚያ ዓመት የተጠራቀሙትን የጳጉሜን ስድስተኛ ቀኖች የሚቆጥረው ይኸው ነው። የአሥራ ሁለቱ ወሮች እያንዳንዳቸው 30 ቀን መሆን ስሌቱን እንዴት እንዳቀለለው ልብ ይሏል። የአውሮፓውያኑን 28፣ 30ና 31 ይዞ ይህን ቀመር በአንድ መስመር ለመጻፍ የሞከረ ሰው የአቆጣጠራችንን ውበት ሳይወድ በግድ ያደንቃል።

አሁን ኦብጀክቶችን እንፍጠር።

ልደቷ = አዲስ የኢትዮጵያ_ቀን (1995፣ 13፣ 6)
ሚሌኒየም = አዲስ የኢትዮጵያ_ቀን (2000፣ 1፣ 1)

ክላሱ አንድ ነው፤ ኦብጀክቶቹ ሁለት ናቸው፤ ብንፈልግ ሚሊዮን ልናደርጋቸው እንችላለን። ልደቷ.የቀን_ቁጥር ብለን ብንጠይቅ 1723856 + 728175 + 498 + 360 + 5፣ ማለትም 2452894 ብሎ ይመልሳል። ሚሌኒየም.የቀን_ቁጥር ብንል 2454356 ይላል። አንዱን ከሌላው ስንቀንስ 1462 እናገኛለን፤ ተማሪያችን የኢትዮጵያ ሁለት ሺህ ዓመት ሲከበር 1462 ቀን ሆኗት ነበር። በስሙና በሜተዱ መካከል ያለችው ነጥብ «የ» እንደ ማለት ናት፤ የልደቷ የቀን ቁጥር፣ የሚሌኒየም የቀን ቁጥር። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁን ጥያቄ አለ፤ በቀመሩ ውስጥ «ዓመት» ሲባል የማን ዓመት ነው? መልሱ፣ ጥያቄው የቀረበለት ኦብጀክት ዓመት ነው። ቀመሩ አንድ ጊዜ ተጽፏል፤ ቁጥሮቹን የሚያቀርበው ግን የተጠየቀው ኦብጀክት ነው። ይህ የገባው ተማሪ ከትምህርቱ ግማሹን ጨርሷል ለማለት እንደፍራለን።

ሌላው ግማሽ የሚከብደው የስምና የኦብጀክት ልዩነት ነው። ተማሪያችን መንታ ወንድም አላት እንበልና እንዲህ እንጻፍ፦

የወንድሟ_ልደት = ልደቷ

ይህ መስመር ሁለተኛ ቀን አልፈጠረም፤ ለነበረው አንድ ኦብጀክት ሁለተኛ ስም ሰጠው እንጂ። በሐዋሳ መንደሮች አንድ ሕፃን እናቱ በአንድ ስም፣ አያቱ በሌላ ስም እንደሚጠሩት ማለት ነው፤ በየትኛውም ስም ቢጠራ የሚመጣው ያው ልጅ ነው። አንድ ሰው የወንድሟን ወር «ላርም» ብሎ 13ን ወደ 1 ቢለውጥ የእኅቲቱም ልደት አብሮ ይለወጣል፤ ያንን ግን ማንም አላዘዘም። በእኛ ላቦራቶሪ ተማሪዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልጓቸው የሚያድሩ ስሕተቶች ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። መድኃኒቱ ቀንን የመሰለ ነገር አንዴ ከተፈጠረ በኋላ እንዳይለወጥ አድርጎ ክላሱን መጻፍ ነው፤ የተለየ ቀን የፈለገ ሰው አዲስ ኦብጀክት ይፍጠር። የጃቫ የመጀመሪያዎቹ የቀን ክላሶች የሚለወጡ ነበሩ፤ በዚያ ላይ ጃንዩወሪን 0ኛ ወር ብለው ይቆጥሩ ስለነበር ስንቱን እንዳሳሳቱ ሙያተኛ ሁሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጃቫ 8 የማይለወጡ የቀን ክላሶችን ይዞ መጣ።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው መሠረታዊ ሐሳብ መሰወር ነው። ዓመት፣ ወርና ዕለት ከክላሱ ውጭ ላለ ፕሮግራም በቀጥታ እንዳይነኩ ይደረጋል፤ የውጭው ሰው በሜተዶቹ በኩል ብቻ ይጠይቃል። ጀማሪው «ለምን ይደበቅብኛል?» ብሎ ቅር ይለዋል። ምክንያቱ የሚታየው ክላሱን ስናሻሽል ነው። ነገ ሦስት ቁጥር ከመያዝ ይልቅ አንዱን የቀን ቁጥር፣ 2452894ን፣ ብቻ ብንይዝና ወሩንና ዕለቱን ሲጠየቅ ከዚያ አስልቶ እንዲናገር ብናደርግ፣ ክላሱን የሚጠቀሙት መቶ ፕሮግራሞች አንድ መስመር እንኳ አይለወጥባቸውም። የላቦራቶሪ ቮልት መለኪያ ውስጡ በመርፌ ይሥራ በዲጂታል፣ ሁለቱን ሽቦ ለሚያገናኘው ተማሪ ግድ እንደማይሰጠው ነው።

አሁን ከአንድ አቆጣጠር ወደ ብዙ እንሻገር። የግብጽ ኮፕቶች አቆጣጠር እንደኛው 12 ባለ 30 ቀን ወሮችና አንዲት አጭር ወር አሉት። ለርሱ ክላስ ለመጻፍ ሁሉንም እንደገና መቅዳት ያስፈልጋል? አያስፈልግም። የጋራውን በአንድ ወላጅ ክላስ ጽፎ፣ ልጆቹ የሚለዩበትን ብቻ እንዲጨምሩ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ውርስ ይባላል። ነገሩ የመማሪያ ክፍል ምሳሌ ብቻ አይደለም። አይ ሲ ዩ በተባለውና ዛሬ በዩኒኮድ ማኅበር ሥር በሚጠበቀው፣ በብዙ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች ውስጥ በሚሠራው የፕሮግራም ስብስብ ውስጥ የኢትዮጵያና የኮፕት አቆጣጠሮች የአንድ ወላጅ ክላስ ልጆች ናቸው። ወላጁ ቀመሩን ይይዛል፤ ልጆቹ መነሻ ቁጥሩን ያቀርባሉ። የኛው 1723856፣ የኮፕቶቹ 1824665 ነው። ልዩነቱ 100809 ቀን፣ ለ365.25 ሲካፈል ልክ 276 ዓመት፤ የኛን ዓመት ለማግኘት በኮፕቶች ዓመት ላይ 276 የሚደመረው ለዚህ ነው። ለጃቫ ቀኖች ተጨማሪ ሆኖ በተዘጋጀው ስሪ-ቴን ኤክስትራ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ እዚያ የሁለቱ ወላጅ በናይል ወንዝ ስም ተሰይሟል። ስሙን ያወጣውን ሰው ባናውቀውም እናመሰግነዋለን።

የሐዋሳ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ሊያቆመን ይገባል። በከተማችን ሌላ አቆጣጠር አለ። በየዓመቱ በጉዱማሌ በድምቀት የሚከበረው፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ፊቼ ጨምበላላ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። እንደሚነገረው የሲዳማ ሳምንት ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶና ቀዋላንካ የተባሉ አራት ቀኖች አሉት፤ ወሩ 28 ቀን፣ ዓመቱም 13 ወር ነው። «13 ወር ካለው ከናይል ወላጅ ይወረስ» ያለ ተማሪ አጋጥሞናል። ይህ ስሕተት ነው። በአንድ ቁጥር መመሳሰል ዝምድና አይሆንም፤ የወሩ ርዝመት ሌላ፣ ሳምንቱ ሌላ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዓመቱን መለወጫ የማወቂያው መንገድ ሌላ ነው። የፊቼን ቀን አያንቶዎች የሰማይ አካላትን ተመልክተው ይወስናሉ፣ ከዚያም ለጎሣዎች ይታወጃል። ቀኑ በቀመር ተሰልቶ አስቀድሞ የሚቀመጥ አይደለም።

ታዲያ ለሁለቱም የሚሆን ፕሮግራም እንዴት ይጻፋል? ለሁለቱም ክላሶች ቀጣዩ_ዘመን_መለወጫ የተባለ ሜተድ እንስጣቸው። የኢትዮጵያው ኦብጀክት ሲጠየቅ አስልቶ የቀን ቁጥር ይመልሳል። የሲዳማው ኦብጀክት የታወጀውን ቀን ይዞ ከሆነ ያንን ይመልሳል፤ ካልያዘ «ገና አልታወጀም» ይላል። የከተማውን የበዓላት ዝርዝር የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ሁለቱንም በአንድ ቃል ይጠይቃል፤ ማን አስልቶ፣ ማን ሰምቶ እንደ መለሰ ማወቅ አይጠበቅበትም። በአዲስ ጨረቃ መታየት የሚጸናው ዒድ አል ፈጥርም በዚሁ መንገድ ሊገባ ይችላል። አንድ ጥያቄ ለተለያዩ ኦብጀክቶች ቀርቦ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ መመለሱን ሙያው ፖሊሞርፊዝም ይለዋል፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ይኸው ነው።

ከመሰናበታችን በፊት በክላሳችን ላይ አንዲት ሜተድ እንጨምር፤ የቀሩትን መስመሮች ሳንነካ።

— የሳምንቱ_ዕለት፦ የቀን_ቁጥርን ለ7 አካፍል፤ 0 ከተረፈ ሰኞ፣ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዐርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ

ተማሪያችን ይህችን ሜተድ ቢሯችን ውስጥ ቁጭ ብላ ራሷ ጻፈች። በመጀመሪያ በኮምፒዩተር የታተመውን ቀን፣ መስከረም 1 ቀን 1995ን፣ ጠየቀች፤ 2 ተረፈና ረቡዕ አለ። ቀጥላ ጳጉሜን 6 ቀን 1995ን ጠየቀች፤ 3 ተረፈ። ስልኳን አውጥታ እናቷ ዘንድ ደወለችና የተወለደችው በምን ዕለት እንደ ነበረ ጠየቀቻቸው። እናትዬው ለማስታወስ ጊዜ አልወሰደባቸውም። «ሐሙስ ነዋ» አሉ፤ «አባትሽ ገበያ ሄዶ ነበር»።